የሦስት ብሩ ሱሪ

በ1965 ዓ.ም. የዘጠነኛ ክፍል ትምህርቴን ለመከታተል ከሮብ ገበያ አካባቢ ወደ ደብረ ማርቆስ በወረድሁ ጊዜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ያስጨነቀኝ የልብሴ ነገር ነበር። ትምህርቱንስ እምብዛም አልፈራሁትም፤ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና በመልካም ውጤት አልፌ ነበርና። ልብሴ ግን ገና ከሩቅ «ባላገር መጣ» እያለ የሚያስታውቅብኝ ይመስለኝ ነበር። እናቴ የፈተለችውን፣ አባቴ የሸመነውን እጀ ጠባብና ቁምጣ ለብሼ፣ በላዩ ጋቢ ደርቤ፣ በአንድ እጄ ዱላ፣ በሌላው የስንቅ አቁማዳ ይዤ ነበር ከተማ የገባሁት።

ስንቁ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ነበር። ከገጠር የመጣ ተማሪ ሁሉ እንደሚያደርገው እኔም ከሦስት ጓደኞቼ ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ፣ ስንቄ ሲያልቅ ቅዳሜ ወደ አገሬ እየወጣሁ፣ እሑድ ማታ እየተመለስሁ እማር ነበር። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ብርድ በደብረ ማርቆስም ቢሆን ቀላል አይደለም። ስለዚህ ጋቢው ቀን ልብሴ፣ ሌሊት ብርድ ልብሴ ነበር። አራቱም በአንድ መደብ ላይ ስንተኛ ከሁሉ ወፍራም የእኔ በመሆኑ፣ ጓደኞቼ ከእኔ ጎን ለመተኛት ይሽቀዳደሙ እንደ ነበር አልረሳውም።

ይህ ጋቢ እንዴት እንደ ተሠራ ልንገራችሁ። ጥጡ ከዓባይ በረሃ በነጋዴ አህያ ተጭኖ ወደ ገበያችን ይመጣል። እናቴ ፍሬውን ለማውጣት በመዳመጫ ትዳምጠዋለች፤ በደጋን ትነድፈዋለች፤ ከዚያም ባዘቶውን በእንዝርት ትፈትለዋለች። የእኔን ጋቢ ማግ ለመፍተል ከጥቅምት እስከ ጥር ድረስ ማታ ማታ በእሳት ዳር ተቀምጣለች። ድሩ ግን ከሱቅ የተገዛ የፋብሪካ ክር ነበር፤ በዚያን ጊዜ ብዙ ሸማኔዎች ድሩን ከፋብሪካ፣ ማጉን ከእጅ ፈትል እያደረጉ መሥራት ከጀመሩ ቆይተዋል። አባቴ በመኸርና በእርሻ ወራት ገበሬ፣ በቀረው ጊዜ ሸማኔ ነበር። በቤታችን ጓሮ በተሠራችው ዳስ ውስጥ እግሮቹን ወደ ጉድጓዱ ሰድዶ፣ መርገጫዎቹን በተራ እየረገጠ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ እጁ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሲወረውር ይውላል። የልጅነት ጊዜዬን ሳስታውስ ከሁሉ በፊት የሚመጣልኝ የዚያ መወርወሪያ ድምፅ ነው።

በክፍላችን ግን ይህን ሁሉ ለማንም አልተናገርሁም። «የሸማኔ ልጅ» መባል በዚያን ጊዜ ስድብ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዳይኖር በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ከታወጀ 65 ዓመት ሆኖት ነበር፤ የክፍሌ ልጆች ግን ገና አልሰሙትም። መምህራችን የየወላጆቻችንን ሥራ በየተራ ሲጠይቁን «አባቴ ገበሬ ነው» ብዬ ተቀመጥሁ። ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም።

የከተማው ልጆች በዚያ ዓመት የሚለብሱት ከጉልበት በታች እንደ ጃንጥላ የሚሰፋ፣ ቤልቦተም የሚባል ሱሪ ነበር። ጠጉራቸውን አፍሮ ያሳድጋሉ። አዲሱን ሱሪ በልኩ ለማሰፋት የእኔ ዓይነቱ ተማሪ ገንዘብ የለውም፤ ነገር ግን በገበያ ቀን ሳልባጅ የሚሸጡ ነጋዴዎች መሬት ላይ ሸራ ዘርግተው የፈረንጅ ልባሽ ይከምሩ ነበር። ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ተጭኖ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ የመጣ ነው። የመድኃኒት ሽታ አለው። ሰው ጎንበስ ብሎ ክምሩን ሲያገላብጥ፣ ከማን ገላ ላይ እንደ ወረደ የማይታወቅ ልብስ በእጁ ይይዛል፤ ይለካል፤ ይጥላል። እኔም ከአንድ ክምር ውስጥ ሰማያዊ ሱሪ አገኘሁ። ወገቡ ሁለት እኔን ይይዛል፤ እግሩ ግን እንደሚፈለገው ሰፊ ነው። ነጋዴው 3 ብር አለኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ጋቢዬን ሸጥሁት።

ለአንድ የእህል ነጋዴ በ14 ብር ነው የሸጥሁት። ሱሪውን በ3 ብር፣ ሸሚዝ በ2 ብር፣ ሸራ ጫማ በ4 ብር ገዛሁ። ዋናው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ በሲንጀር መኪና የሚሰፉ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ እርሳቸው ወገቡን አጥብበው፣ ከእግሩ ርዝመት ቆርጠው በ75 ሳንቲም አስተካከሉልኝ። የቆረጡትንም ቁራጭ «ለመጣፊያ ይሆንሃል፤ ያዝ» ብለው ሰጡኝ። የቀረኝ 4 ብር ከ25 ሳንቲም ለቤት ኪራይና ለደብተር ሆነ። ሰኞ ጠዋት ያን ሱሪ ለብሼ ክፍል ስገባ ማንም ምንም አላለኝም፤ የፈለግሁትም ይህንኑ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኋላ ረድፍ ተነሥቼ ፊት ተቀመጥሁ፤ እጄንም እያነሣሁ መመለስ ጀመርሁ። ይህን የምለው ሱሪው ዕውቀት ጨመረልኝ ለማለት አይደለም። ሰው እንዲያየኝ መፍቀዴ ግን ከሱሪው የመጣ ነበር፤ ይህን ዛሬም አልክድም።

በዚያው ወራት በታሪክ ትምህርት የኢንዱስትሪ አብዮትን እንማር ነበር። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ጆን ኬይ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1733 «ፍላይንግ ሻትል» የሚባል ነገር ፈለሰፈ፤ ካርትራይት ደግሞ በ1785 በኃይል የሚሠራ የሽመና መኪና አወጣ። ስሙንና ዓመቱን በቃሌ ያዝሁ። በፈተናም ላይ «ጆን ኬይ፣ 1733፣ ፍላይንግ ሻትል» ብዬ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አገኘሁ። «ሻትል» ምን እንደ ሆነ ግን አላወቅሁም፤ የማላውቀው መሆኑንም አላወቅሁም። ከመጽሐፉ ላይ ሥዕል አልነበረም። የሚበር አንዳች ነገር፣ ምናልባት የአውሮፕላን ወገን መስሎኝ አልፌው ነበር።

ሦስት ሳምንት ያህል ወደ አገር ሳልወጣ ቀረሁ። ምክንያቱን አንባቢ ሳይረዳው አይቀርም። በአራተኛው ቅዳሜ አባቴ ስንቄን ተሸክሞ ራሱ መጣ። ከክፍላችን ደጃፍ ቆሞ ሳየው ሱሪውን ለብሼ ነበር።

«ጋቢህን አንድ ሰው ለብሶት ገበያ ውስጥ አየሁ» አለኝ፣ ገና አቁማዳውን ከትከሻው ሳያወርድ። «ጥለቱን ዐወቅሁት።»

ዝም አልሁ።

«በስንት ሸጥኸው?»

«በ14 ብር፣ አባባ።»

«አልተታለልህም» አለና ቁጭ አለ። ውኃ ሰጠሁት፤ ጠጣ። ቁጣውን እየጠበቅሁ ነበር። እርሱ ግን ዓይኑን ከሱሪዬ ላይ አላነሣም። በመጨረሻ «እስቲ ና፤ ወደ ብርሃኑ ቁም» አለኝና የሱሪዬን እግር ገልብጦ በአውራ ጣቱ ያሸው ጀመር። ከዚያም ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«ድርና ማግ ሁልጊዜ እንደ መስቀል ይገናኛሉ» አለ። «ይኼኛው ግን ሰያፍ ይሄዳል። እንዴት እያደረጉ ነው የሚያነሡት? በትምህርት ቤታችሁ አልነገሯችሁም?»

«አልነገሩንም» አልሁት። እንደ ፊተኛው መልሴ ይህም ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም።

አዛውንቱ የሰጡኝን ቁራጭ ሲያይ ለምኖ ወሰደው። ከጋቢው ይልቅ ስለዚያ ቁራጭ ብዙ አወራን ማለት ይቻላል።

ለፋሲካ በዓል ወደ አገሬ በወጣሁ ጊዜ አባቴ ቁራጩን በእንጨት ላይ ወጥሮ፣ ክሩን አንድ በአንድ እየመዘዘ ሲቆጥር አገኘሁት። ማንበብ አይችልም። የሚያየውን ሁሉ በጠጠር ያሰፍረዋል፦ ማጉ በላዩ ላለፈበት ድር ነጭ ጠጠር፣ በሥሩ ላለፈበት ጥቁር ጠጠር። ረድፉን ዘርግቶ አሳየኝ። ማጉ በሁለት ድር ሥር ያልፍና በአንዱ ላይ ይወጣል፤ በሚቀጥለው ረድፍ እንደዚሁ ያደርግና አንድ ድር ወደ ጎን ይሸሻል፤ በሦስተኛው ደግሞ አንድ ድር። ሰያፉ መስመር የሚወጣው ከዚህ ሽሽት ነው። «የእኛ ዕቃ ሁለት መርገጫ ነው ያለው» አለኝ፤ «አንዱ ሲነሣ ሌላው ይወርዳል። ለዚህኛው ሦስት ያስፈልጋል።»

በዚያን ቀን ከዳሱ ጎን ተቀምጬ ሲሠራ አየሁት። ዕድሜዬን ሁሉ ያየሁት ነገር ነበር። መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ሲወረውር፣ የግራ እጁ ተቀብሎ መልሶ ሲወረውር ሳይ፣ በቃሌ የያዝሁት የእንግሊዝኛ ቃል ከየት እንደ ሆነ ሳላውቀው መጣብኝ። ሻትል መወርወሪያ ነው! ሙሉ ነጥብ ያገኘሁበት ነገር በአባቴ እጅ ውስጥ ነበር። እኔ በውሰት ቋንቋ ስሙን ብቻ ይዤ፣ ዕቃውን ከተወለድሁበት ቤት ትቼው ሄጄ ነበር።

ወዲያው ልነግረው ተጣደፍሁ። በፈረንጅ አገርም ሸማኔው እንደ እርሱ በእጁ ይወረውር እንደ ነበር፤ የጨርቁ ስፋት እጅ ከሚደርስበት ስለማያልፍ፣ ሰፊ ጨርቅ ለመሥራት ሁለት ሰው ጎን ለጎን መቀመጥ ግድ ይሆን እንደ ነበር፤ ጆን ኬይ ግን ገመድ ሲሳብ መወርወሪያውን እየመታ ከዳር እስከ ዳር የሚልክ መሣሪያ እንዳበጀ፤ ከዚያ ወዲያ ሰፊውን ጨርቅ አንድ ሰው ብቻውን መሥራት እንደ ቻለ ነገርሁት። የጋቢ መሐል ስፌት ያለው ለምን እንደ ሆነም በዚያች ሰዓት ገባኝ። የአባቴ ክንድ ከሚደርስበት በላይ መሸመን ስለማይቻል፣ ሁለቱን ክፋይ አጋጥሞ መስፋት ግድ ነው። ያ ስፌት የክንዱ ልክ ነበር።

አባቴ እግሮቹን አቁሞ አዳመጠኝ። ከዚያም «ሁለተኛው ሰውዬስ?» አለኝ።

«የቱ ሁለተኛ?»

«አጠገቡ ተቀምጦ ይወረውር የነበረው። እርሱ ከዚያ ወዲያ ምን በላ?»

መጽሐፋችን ይህን አልጻፈም። ብዙ ዓመት ቆይቼ እንዳነበብሁት፣ ሸማኔዎቹ እንጀራችንን ይነጥቀናል ብለው በኬይ ላይ ተነሥተውበታል፤ እርሱም በመጨረሻ ወደ ፈረንሳይ ሄዶ እዚያው ሞቷል። አባቴ ይህን ማንም ሳይነግረው በአንድ ጥያቄ ደርሶበት ነበር።

በዚያ በጋ ሦስተኛ መርገጫ ሠርቶ ሞከረው። ክሩ እየተጠላለፈ፣ ድሩ እየተበጠሰ አስቸገረው፤ ከአንድ ክንድ የማይበልጥ ጨርቅ አውጥቶ ተወው። በዚያው ሰሞን እኔ ደግሞ ማታ በኩራዝ ብርሃን ሒሳብ ሠራሁ። የቀን ሠራተኛ ዋጋ አንድ ብር ነው እንበል። አባቴ ለአንድ ሱሪ የሚበቃ ሰያፍ ጨርቅ በስድስት ቀን ቢያወጣ፣ ክር ሳይገዛ፣ የእናቴ ፈትል ሳይታሰብ፣ ልብስ ሰፊው ሳይከፈል 6 ብር ሆነ። የእኔ ሱሪ ደግሞ 3 ብር ነው። ቁጥሩን ደጋግሜ ብሠራው ያው ነው። ለካ የሱሪውን ክር የፈተለው፣ የሸመነውና የሰፋው ሰው ዋጋቸውን ከመጀመሪያው ባለቤት አስቀድመው ተቀብለዋል፤ እኔ የከፈልሁት የመርከቡን፣ የመኪናውንና የነጋዴውን ብቻ ነው። ከእንደዚህ ዓይነት ዋጋ ጋር የሚወዳደር ሸማኔ ከቶ የለም፤ የእንግሊዝም ቢሆን።

በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ትምህርታችንን ስላቋረጠው የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስሁት ዘግይቼ ነው። በ1971 ዓ.ም. ለመምህርነት ትምህርት ወደ ባሕር ዳር ሄድሁ። ባሕር ዳር በ1953 ዓ.ም. ከኢጣልያ በተገኘ የጦር ካሣ የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ነው፤ በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው ፖሊቴክኒክም ከመጀመሪያው ጀምሮ የጨርቃ ጨርቅ ትምህርት ይሰጥ ነበር። በ1972 ዓ.ም. ፋብሪካውን ስንጎበኝ የመኪናዎቹ ጩኸት ከጆሮዬ ሦስት ቀን አልወጣም። አስጎብኚያችንን ስለ ሰያፍ ጨርቅ አሠራር ጠየቅሁት። ማጉ በሁለት ሥር፣ በአንድ ላይ፣ ከዚያ አንድ ወደ ጎን፤ ቢያንስ ሦስት ማንሻ ያስፈልጋል አለኝ። አባቴ ከሰባት ዓመት በፊት በጠጠር የነገረኝን ቃል በቃል መድገሙ ነበር።

(በኋላም ስለ ዣካር አነበብሁ። ይህ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1804 የትኛው ድር እንደሚነሣና የትኛው እንደሚቀር ቀዳዳ ባለው ካርድ የሚታዘዝ የሽመና መሣሪያ አወጣ። በቀዳዳ ካርድ ማዘዝ ኋላ ወደ ኮምፒዩተር ሥራ ተሻግሯል። ነጭ ጠጠርና ጥቁር ጠጠር ማለት ነው።)

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ስሄድ ከገጠር የመጡ ተማሪዎች አሁንም ስንቅ ተሸክመው አያለሁ። ልባሽ ጨርቅ ወደ አገር እንዳይገባ በሕግ ተከልክሏል፤ በኮንትሮባንድ እየገባ ግን ይሸጣል። ከእርሱ ጎን ከውጭ የሚመጣ ርካሽ አዲስ ልብስ ተደርድሯል። ከዚያች በረንዳ ብዙም በማይርቅ ስፍራ አንዲት ተማሪ ለልብስ ሰፊው በስልኳ ላይ ያለ ፎቶግራፍ እያሳየች «ይኼን የመሰለ» ስትል ሰምቻለሁ። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ያ የጨርቃ ጨርቅ ትምህርት ዛሬ የጨርቃ ጨርቅና የፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኗል። የሸማኔ ልጅ መሆኑን ደብቆ የሚማርበት ተማሪ ይኖር ይሆን እያልሁ አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ።

ልባሽ የሚገዛውን ተማሪ ልወቅሰው አልችልም፤ ፊት ረድፍ ያስቀመጠኝ ያ ሱሪ ነውና። አባቴም የሸማ ገበያው እየቀዘቀዘ ሲሄድ ያየው እንዲህ ባለው ሱሪ ምክንያት ነው። ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ይዤ ሃምሳ ዓመት ኖሬአለሁ፤ አንዱ ሌላውን አላሸነፈውም።

የቀረኝ የጋቢው ነገር ነው። ወደ ባሕር ዳር ስሄድ አባቴ ሌላ ጋቢ ሠርቶ ሰጠኝ። ሰያፉን በመርገጫ ባይሳካለትም፣ በጥለቱ ላይ ድሩን በጣቱ እያነሣ፣ እየቆጠረ፣ አንድ ጣት የሚሞላ ሰያፍ መስመር ከዳር እስከ ዳር አስገብቶበታል። ጋቢው አሁንም ቤቴ አለ። ከጥለቱ መካከል በአንድ ስፍራ መስመሩ ይሰበራል፤ አንዲት ድር ተዘልላለች። በዚያን ጊዜ አሳየሁት። ወደ ብርሃኑ ይዞ ተመለከተውና «እዚህች ላይ ከደጅ ሆነህ ጠርተኸኝ ነበር» አለኝ።